አረንጓዴዋ ምልክት

ሸዋአየሁ ኳስ አታውቅም። የምታውቀው መዝገብ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረችውም፣ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ዓመት የሠራችውም እሱን ነው፤ ያላየችውን አትጽፍም፣ የጻፈችውን አትሰርዝም።

ባሏ ተስፋማርያም በግንቦት ሲያርፍ ሰዓቱንና አንድ ደብተር ትቶላት ሄደ። የካዛንቺስና የኡራኤል ሰፈር ልጆች በየክረምቱ ሦስት ጊዜ በኳስ ይጋጠማሉ፤ የመጨረሻዋ ፍጻሜ ትባላለች። ከ1988 እስከ 2000 ዓ.ም. ዐሥራ ሦስት ፍጻሜ፣ ዐሥራ ሦስት ገጽ። ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ሜዳው ደረቅ ነበር ወይስ ጭቃ፤ አንድም የጎደለ የለም። በየገጹ ግርጌ ግን በአረንጓዴ ቀለም የተጫረች፣ የታጠፈ ጣት የምትመስል ምልክት አለች። የተስፋማርያም እጅ አይደለችም። የማን ናት? ሸዋአየሁ ጥያቄዋን ይዛ አርባውን አወጣች፣ ሰማንያውንም አወጣች።

በነሐሴ የ2001 ፍጻሜ ሲደርስ ዐሥራ አራተኛው ገጽ ባዶ መቅረቱ አላስችላት አለ። ሰዓቱን አሰረችና ጃንጥላ ይዛ ሜዳ ወረደች። አንድ ለአንድ እንደሆኑ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተመታች ኳስ ጭቃ በጭቃ ከሆኑ ልጆች መሃል ገባችና መረብ ነካች። ካዛንቺስ አሸነፈ። ማን እንዳገባ ግን ሸዋአየሁ አላየችም፤ ያየችው ጀርባ ብቻ ነው።

የሰፈሩን ልጆች ብትጠይቅ ግማሹ ኤርሚ ነው አለ፣ ግማሹ ዮአብ። ኤርሚ ራሱ፣ «በቃ የኔ ብለው ይጻፉት እትዬ፣ ማን ይከራከርዎታል?» አላት።

ይህ ለሸዋአየሁ ማስረጃ አይሆንም። ከጎሏ የማይጠቀም ምስክር ያስፈልጋታል። የኡራኤል ደጋፊዎች አለቃ መሐመድአሚን ትዝ አላት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ከባሏ ጎን ቆሞ «በረኛችሁ ወንፊት ነው» ሲለው የኖረ ሰው ነው። ባሏ ምን ብሎ እንደመለሰለትም ቤት መጥቶ እየሳቀ ይነግራት ነበር። ያው ሰው ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ከጥጉ ሳይነሣ ተቀመጠ። ለምን እንደሆነ ያኔም ገርሟት ነበር።

መሐመድአሚን ኡራኤል አጠገብ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች የቧንቧ መታጠፊያ ነው፤ እያንዳንዱ ልክ እንደ ታጠፈ ጣት።

እሱም ደብተሩን አይቶ ከመቀመጫው ተነሣ። የመጣችበትን ነገረችው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ መለሰላት።

«የናንተ ልጅ አይደለም ያገባው። ኳሷ የኛን ተከላካይ ጉልበት ነክታ ነው የገባችው። የልጄን፣ የኸይረዲንን።»

ሸዋአየሁ እስክሪብቶዋን ያዝ አደረገች። «ጋሽ መሐመድአሚን፣ ስሙን ልተወው ይሆን?»

«በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት የናንተ ጎል በእጅ የገባች ነበረች። ዳኛው አላየም፣ እኔም አላየሁም። ተስፋማርያም ነው እዚህ ድረስ መጥቶ የነገረኝ። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አነባለሁ፣ እውነት ከሆነ ምልክቴን አደርጋለሁ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ውላችን ይኸው ነው። አሁን የኔን ልጅ ሊተዉልኝ ነው?»

ጻፈችው፤ በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ኸይረዲን መሐመድአሚን፣ በራሱ መረብ ላይ። እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ይቺ ሰዓት በየጨዋታው አንድ ደቂቃ ትበላለች። ተስፋማርያምንም በየዓመቱ ሳርመው ነው የኖርኩት።»

ሸዋአየሁ እጇ ላይ ያለችውን ሰዓት አየች። ከዚያ ስምንቷን ሰርዛ ዘጠኝ ጻፈች።

መሐመድአሚን ከኮቱ ኪስ አረንጓዴ እስክሪብቶ አወጣ። «ከእሑዱ ጨዋታ ጀምሮ ይዤው ነው የምዞረው። ደብተሩ አብሮት የተቀበረ መስሎኝ ነበር» አለ። ምልክቱን አደረገና ደብተሩን በሁለት እጁ መለሰላት። ከርሞም እንድትመጣ፣ በስተግራው እንድትቆም ነገራት፤ ተስፋማርያም የሚቆመው እዚያ ነበር።

«በረኛችሁ ግን አሁንም ወንፊት ነው።»

ሸዋአየሁ የባሏን መልስ ታውቀዋለች።

«የናንተ አጥቂ ደግሞ» አለች፣ «ለጎል ቀጠሮ ይይዛል።»