የእናቴ ባዶ እንቅብ

ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ሲሉኝ ጋቢዬን ሳብ አድርጌ ዳሩን እዳብሳለሁ። በአንደኛው ጫፍ ፈትሉ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፤ እጅ ላይ ይጎረብጣል። እናቴ ቁርጥማት ይዟት የፈተለችው ነው።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ብቸና። ክረምቱ ሲወጣ ለአስተማሪነት ሥልጠና ልሄድ ነበርና እናቴ የምለብሰውን ጋቢ ልትፈትልልኝ ባዘቶውን አዘጋጅታለች። ጣቶቿ ግን መገጣጠሚያቸው አብጦ እንዝርት አልይዝ አሉ።

"ልጄን በገበያ ጋቢ ልሸኛት ነው?" ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

ክሊኒክ ወሰድኋት። ድሬሰሩ ኪኒን ሰጣትና "እማማ፣ ጠዋት እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ይዘፍዝፉ። ቁጭ ብለው አይዋሉ፣ በየቀኑ ይራመዱ" አላት።

ውኃው ቀላል ነው። መራመዱ ግን ጉድ ሆነ። በእኛ አገር ሰው ገበያ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ እንዲያው እግሩን ለማፍታታት አይዞርም።

"አበደች ሊያሰኘኝ ነው እንዴ!" አለችና ጉዳይ ያላት ለመምሰል ባዶ እንቅብ ታቅፋ ወጣች።

በክረምት፣ ጎተራ በሚጎድልበት ወቅት፣ ባዶ እንቅብ! በሦስተኛው ቀን ጭቃ በጭቃ ሆና ስትመለስ እንቅቡ ባቄላ ሞልቷል። ጎረቤታችን የነጋዴው ሚስት ናት የሞላችላት።

"'ችግርሽን እንዴት ትደብቂናለሽ፣ እቴ? ጎረቤት ለመቼ ነው?' አለችኝ! ለማኝ ሆኜ ቀረሁ!"

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ተቆጣችኝ፣ ቆየት ብላ እሷም ሳቀች።

ውለታ አላስተኛ ስላላት በማግስቱ ከጓሯችን ጎመን ቀጥፋ ወሰደችላት። የነጋዴው ሚስትም እንቅቡን ባዶውን አልመለሰችም፤ ቃሪያ ጨመረችበት። ሌሎቹ ጎረቤቶችም ገቡበት። እንዲህ እየተባለ እናቴ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ከቤት ቤት ስትል ክረምቱ አለቀ።

ቁርጥማቱ አልለቀቃትም። ጠዋት ግን ጣቶቿ ቶሎ ይፍታቱላት ጀመር። እርጥብ አፈር በሚሸተው በረንዳችን የእንዝርቷን ድምፅ እንደገና ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ወደ ደጀን በሚሄደው አውቶቡስ ስሳፈር ጋቢውን አለበሰችኝ።

"ዳሩ አላማረልኝም። ሰው እንዳያይብሽ ወደ ውስጥ እጠፊው።"

እሷ ካረፈች ቆየች። አሁን እኔንም ሐኪም ተራመጂ ብሎኛል፤ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ወዴት ነው የሚለኝ የለም። ጋቢውን ግን የሚጎረብጠውን ዳር ወደ ውጭ አድርጌ ነው የምለብሰው።