ለባለቤቴ ስእለት የመረጥሁት ሳጥን

ወረታ ውስጥ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ሞልቷል። ሌላው አልነሳም ያለውን ሞተር የሚያስነሳው ግን እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ከርብ ወንዝ ዳር እስከ ይፋግ ያለ ሩዝና ሽንኩርት አብቃይ ሁሉ የሚመሰክረው ነገር ስለሆነ ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተራቸው ሲታፈን መጀመሪያ ወደ ወጣቶቹ መካኒኮች ይወስዱታል። እነሱ ሲያቅታቸው አህያ ላይ ጭነው እኔ ደጅ ያራግፉታል። እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጥና በሽታውን እነግራቸዋለሁ።

የአስኳላን ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም ሦስት ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ ተናገረ። በሰፈራችን መጀመሪያ ዲሽ ያቆምሁም፣ ለሌላው ያቆምሁለትም እኔ ነኝ። ሰባን ተሻግሬ እንኳ «እሱ ያውቀዋል» እየተባለ ነው የምኖረው። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር።

ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት ቀጥሎ የምተርከው እንዴት በእኔ ላይ እንደደረሰ አንባቢው እንዲገረም ነው።

ልጃችን አግብታ ዓመታት ሲቆጠሩ አልወለደችም ነበር። ባለቤቴ ስእለት ተሳለች። «ልጄ ከወለደች ጎንደር ሄጄ፣ በጥምቀት ዕለት ውኃው ሲባረክ ቆሜ አያለሁ» አለች። እናቷም እሷን ያገኘቻት በዚሁ ስእለት ነው ይባላል። ባለፈው ክረምት ልጃችን ወንድ ልጅ ወለደች። ባለቤቴም ለጥምቀት የምትለብሰውን አጥባ አስቀመጠች።

በኅዳር ሩዝ ሲወቃ አውድማ ላይ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙም ወጌሻውም አንድ ቃል ተናገሩ፤ መኪና ላይ እንዳትወጣ። በታኅሣሥ ደግሞ ሕፃኑ ሳል ያዘው። ልጃችን ስልክ ስትደውል ሳሉ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ባለቤቴ ስልኩን ከሰማች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ምሳ አቀረብሁላት፤ ገፋችው። እራት አቀረብሁላት፤ ገፋችው።

«ብዪ እንጂ» አልኋት።

«ስእለት የበላ አፍ ሌላ ምን ይበላል?» አለችኝ። «ሕፃኑን የያዘው የእኔ ቃል ነው።»

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታችንን ጠራሁ። መስቀላቸውን አሳለሟትና አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ስእለት በአቅም ነው» አሏት። «እግርሽ ካልሄደ ዓይንሽ ይሂድ። ባልሽ በቴሌቪዥን ያሳይሽ። ግን ውኃው በሚባረክበት በዚያው ሰዓት ይሁን፤ ቆመሽም ይሁን። በማግሥቱ የሚደግሙትን ማየት ስእለት አይሆንም፤ እሱ ወሬ መስማት ነው።»

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከስንት ቀን በኋላ ፊቷን አየሁት።

«አባታችን፣ በዚህ አያስቡ» አልሁ። «ይህ ለእኔ ምኑ ሥራ ነው?»

ሥራ ነበረው። ዲሼ ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ አንድም ጣቢያ አያነሳም ነበር። የፎገራን መሬት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል። የተተከለበትን ብረት ይዞ ይዘማል። እኔ በየዓመቱ ብረቱን አቃናለሁ፤ መሬቱ በየዓመቱ መልሶ ያጣምመዋል።

ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤቴ ሸማኔ ነው፤ ከደጋ የመጣ፣ የልጄ እኩያ። እሱ ዲሹን በመሬት አልተከለውም። የዘይት በርሜል ድንጋይ ሞልቶ፣ ብረቱን በበርሜሉ መካከል አቁሞታል። ባቆመበት ቀን ሰው ሰብስቤ ስቄበታለሁ። ያን ሰሞን ችግሬን ሰምቶ ወደ አጥሩ መጣ።

«ጋሼ፣ ባዶ በርሜል አለኝ። እንደኔው አድርገን እናቁመው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ሸማህን ሥራ» አልሁት። «በርሜል የሚያስፈልገው ጠላ ለሚጠምቅ ነው።»

«ይሁን ጋሼ። የእናንተ አፈር እሸት እንጂ ምሰሶ አይችልም ብዬ ነው።»

ከቤቱ ውስጥ ሚስቱ ሳቀች። እርጉዝ ነበረች፤ ሳቋ እየቆራረጠ ነው የወጣው። ያ ሳቅ ነው ወደ ሱቅ የወሰደኝ። ዲሽ ያለፈበት ነገር ነው አልሁ ለራሴ። ዛሬ ሰው ቴሌቪዥን የሚያየው በኢንተርኔት ነው፤ በሰፈሩ የመጀመሪያው ደግሞ እኔ ልሁን።

አስፋልቱ ዳር ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባለቤት ወጣት ሴት ናት። ሦስት ዕቃ ደረደረችልኝ። አንዱ ጣት የምታህል፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ የምትሰካ ስቲክ ናት። አንዱ መዳፍ የሚሞላ ቦክስ ነው። ሦስተኛው ከድምፅ ማጉያዎቹ ጋር የመጣ ትልቅ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ቤቱን ሲኒማ ያደርገዋል አለችኝ።

«ለእርስዎ ስቲኳ ትበቃለች አባባ።»

አነሳኋት። ክብደት የላትም። እኔ ዕቃ የምመርጠው በእጄ መዝኜ ነው። የሞተር ፒስተን ቢሆን፣ ቫልቭ ቢሆን፣ ከባዱ እውነተኛ ነው፤ ቀላሉ ሙቀት አይችልም። በዚህ መንገድ ተታልዬ አላውቅም። ትልቁን ሳጥን አነሳሁ፤ ክንዴን ጎተተው።

«ይኼ ነው ዕቃ» አልሁ።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ሽንኩርት አይደለም በኪሎ የሚመረጥ!»

በሱቁ የነበሩት ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ጥያቄዬን ደረደርሁ። ከስልክ ኢንተርኔት ይቀበላል ወይ? ይቀበላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል ወይ? ኢንቨርተር የሚሉት መለወጫ ካለው ይሠራል። ብዙ ሰዓት ቢበራ ይግላል ወይ? አይግልም። የጎንደርን በዓል በቀጥታ ያሳያል ወይ? «በቀጥታ ነው አባባ፣ እዚሁ ላይ ተጽፎ የለ?» አለችኝ። ጣቷን ያሳረፈችበትን አነበብሁ። ይዘገያል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ሞተር ሲነሳ ይነሳል፤ ዘግይቶ የሚነሳ ሞተር አላውቅማ።

ቤት ገብቼ ማንም ሳያሳየኝ ገጠምሁት። ሥዕሉ እንደ መስታወት ጠራ። ስብከት አሳየኋት፤ ዜና አሳየኋት። ባለቤቴ ትራሷን ከፍ አድርጋ አየች፤ ያን ዕለት አጥሚት ጠጣች። እኔ ደግሞ ከባሕር ዛፍ መቆሚያ ሠራሁላት፤ ሁለት ቋሚ፣ በብብቷ ሥር የሚያልፍ መደገፊያ፣ ላዩ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ። ወጌሻው አይቶ «ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ። ማን ያስተምረኛል?

ጥምቀት ደረሰ። ጠዋት ከተማው ሁሉ ታቦት ወዳደረበት ወጥቶ ሰፈሩ ጭር አለ። ከእኛ ሌላ በቤቱ የቀረው ሸማኔው ከነቤተሰቡ ብቻ ነበር፤ ሚስቱ ሳምንት ያልሞላት አራስ ናት፤ እናቷም አራስ ልትጠብቅ መጥታለች። ባለቤቴን ያጠበችውን ልብስ አለበስኋት። አቅፌ አንስቼ መቆሚያው ውስጥ አቆምኋት። ከንፈሯን ነክሳ ቆመች።

ሥዕሉ መጣ። ካህናቱ በውኃው ዙሪያ ቆመው ይጸልያሉ። ከዚያ ሥዕሉ ደረቀና ያች ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። ስልኩን ወደ መስኮቱ ወሰድሁት፤ መጣ። እንደገና ደረቀ፤ ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝሁት፤ መጣ። የባለቤቴ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ እንጨቱ አብሮ ይንኳኳል።

«ደረሰ?» አለችኝ።

«እየጸለዩ ነው። ትንሽ ቻይው።»

በዚህ ጊዜ ከሸማኔው ቤት እልልታ ፈነዳ። የአራሷ፣ የእናቷ፣ የሱም ጭብጨባ። በእኛ ቴሌቪዥን ካህናቱ ገና ይጸልያሉ።

«ምን አይተው ነው?» አለች ባለቤቴ።

«አራስ ቤት አይደለ? በልጁ ነው» አልሁ። ይህን ስል ሆዴ ነግሮኛል።

ቆይቶ፣ አንድ ደቂቃ ይሁን ከዚያም ይብለጥ፣ በእኛ ቴሌቪዥን ሊቀ ጳጳሱ መስቀላቸውን ወደ ውኃው አወረዱ። ሕዝቡ እልል አለ። ባለቤቴ እልል አላለችም። አንገቷን ወደ እኔ አዞረች።

«እነሱ ያዩት ይህን ነው። ውኃው ቀድሞ ተባርኳል።»

«ትንሽ ደቂቃ ብትሆን ነው እኮ...»

«አንተ ሰው፣ ጡር አትናገር። በሰዓቱ ነው ወይስ አይደለም?»

እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፤ እጇ መደገፊያውን ስለያዘ አታብሰውም። ስልኩን ከመስኮቱ አወረድሁት።

«አይደለም» አልሁ። «ዘግይቷል። የመረጥሁት እኔ ነኝ።»

ዓይኗን ጨፈነች። የሕፃኑን ስም ጠራች፤ ሁለት ጊዜ። ያን አጠራር የሰማ ባል ቤቱ ውስጥ ቆሞ አይቀርም። አስተኛኋትና ወደ አጥሩ ሮጥሁ።

«አንተ ልጅ! ኧረ ድረስልኝ! በእመቤቴ ድረስልኝ!»

ሸማኔው አጥሩን ዘሎ መጣ። ባለቤቴን ከነጠፍር አልጋዋ አነሳናት፤ እሱ በእግሯ በኩል፣ እኔ በራስጌዋ። በዚያ በተሰነጠቀ መሬት ላይ እግሬ ገባና በጉልበቴ ወደቅሁ፤ አልጋው ሲያዘነብል እንደ ወላድ ጮኸች። ተነሣሁ። የአራሷ እናት በሩን ከፍታ ትጠብቃለች።

«ግቡ፣ ግቡ! ውይ እናቴን! በዚህ በኩል፣ መጋረጃውን ግለጡት!»

መቆሚያውን ረስተነዋል። እኔ በአንድ ብብቷ፣ ሸማኔው በሌላው ገብተን አቆምናት። ትንሿ ቴሌቪዥን ከሸማው ዕቃ አጠገብ ተቀምጣለች። ውኃው በሕዝቡ ላይ ይረጫል፤ ወጣቶች ከነልብሳቸው ይዘላሉ። ባለቤቴ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበትን ያህል ቆመች።

«ይኼስ በሰዓቱ ነው?» አለች። እኔን አይደለም የጠየቀችው፤ እሱን ነው።

«በሰዓቱ ነው እናቴ» አላት ሸማኔው።

ከዚያ ሁለታችን ላይ ወደቀች።

ባለሱቋን በሳምንቱ ሄጄ ጠየቅኋት። «በኢንተርኔት የሚመጣ ሁሉ ትንሽ ይዘገያል አባባ፤ ስቲኳም ብትሆን ያው ነበር። ለምን እንደሚፈልጉት ቢነግሩኝ ኖሮ ዲሽዎን ያስጠግኑ እልዎት ነበር» አለችኝ። አልነገርኋትም። ለምን እንደምፈልገው ለማንም አልነገርሁም።

የንስሐ አባታችንም መጡ። ውኃው ሲባረክ አላየችም፤ ሲረጭ ግን በሰዓቱ አየች፤ ይቆጠራል ወይ አልኋቸው። «እኔ በሰጠሁት ቃል ላይ ቃል አልጨምርም። ለስእለቱ ባለቤት ለእግዚአብሔር እንተወው» አሉ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና «ጎዶሎ ነው» አለች። ሕፃኑ አሁንም ያስላል።

እንግዲህ የቻልሁትን ልቁጠር።

ማንም ሳያስተምረኝ፣ በገዛ እጄ በሠራሁት መቆሚያ፣ ዳሌዋ የተሰበረ ሴት አቁሜያለሁ።

ሳጥኑ ለምን እንደሚዘገይ ደርሼበታለሁ። ከርብ ውኃ የሚስብ ገበሬ መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ሳይሞላ ወደ ማሳው አይለቅም። ሳጥኑም ሥዕሉን እንደዚያ አጠራቅሞ ነው የሚለቅ። በወረታ ይህን እንዲህ አጥርቶ የሚያስረዳ ሌላ ሽማግሌ የለም።

አንድ ጊዜ ዋሸኋት። ሁለተኛውን መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም።

የሳቅሁበትን ሰው በአጥር ላይ በእመቤቴ ብዬ ለምኛለሁ። ዲሼንም እሱ እንዳለው አድርጎ ሲያቆመው ድንጋይ አቀብዬዋለሁ።

ልጃችን ስትደውል «እናትሽ አይታለች» ብያለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አልጨመርሁም።

ባለቤቴን በቀን አንድ ጊዜ አበላታለሁ። ሁለተኛውን ገና አልቻልሁም።