ለተማሪ የመጡ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ነቀምቴ ላይ ርዕሳነ መምህራን ለሥልጠና ተጠርተን ነበር። አዳራሹ ዝናብ የጠጣ ካፖርት ይሸታል። አሠልጣኙ «ባህልን ያገናዘበ የትምህርት ቤት አመራር» የሚለውን ርዕስ ግድግዳው ላይ አብርቶ ማንበብ ሲጀምር መብራት ጠፋ። እኔ እንደሆነ ደክሞኛል፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። የካፖርቱ ሽታ ግን ይዞኝ ያደግሁበት ጊዳ አያና ገባ፣ ድሮ ያስተማሩኝ ርዕሰ መምህር ዘንድ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የእኛ የወሎ ሰፋሪዎቹ ልጆችና የኦሮሞዎቹ መንደር ልጆች ወንዝ መሻገሪያው ላይ በድንጋይ ተፈነካከቱ። አባቴ «ከእንግዲህ ልጄ ከደጄ አትወጣም» አለ። እሱ አንዴ ካለ አለ ነው። ታላቅ እህቴም እንዲሁ ከትምህርት ቀርታ ቤት ተቀምጣ ነው በዓመቱ የተዳረችው፤ ስለዚህ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን በዝናብ ርዕሰ መምህሩ መጡ። የማዶውን የኦሮሞዎቹን መንደር ሽማግሌ ይዘዋል፤ ካፖርታቸው ውሃ ያንጠባጥባል። አባቴ ደነገጠ።

«ኧረ በአላህ፣ ግቡ!»

«አንገባም፣ አንቀመጥምም» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«ለማን?»

«ለትምህርት ቤቱ።»

እናቴ ጓዳ ሆና ሳቋን አፈነች። እኔ ግን በሩ ጥግ ሆኜ የአባቴን ፊት አያለሁ። አባቴን በቀበሌ ቢያስጠሩት ኖሮ ጭራሽ ይብስበት ነበር። ደጅ ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ መመለስ ግን በእነሱም በእኛም ነውር ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ዝናቡ እየወረደባቸው ቆሙ።

«መንገዱስ?» አለ አባቴ።

ሽማግሌው ራሴን ዳበስ አደረጉና «ኢንተለ ኬኛ» አሉ፤ ልጃችን ናት ማለታቸው ነው። ርዕሰ መምህሩም «ጠዋት ጠዋት እኔው እየመጣሁ እወስዳታለሁ» አሉ።

«በሉ ግቡ። ሰጥቻለሁ።»

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ርዕሰ መምህሩ በየጠዋቱ ደጃችን ድረስ እየመጡ «ነጋ ቡልቴ?»፣ ደህና አደርሽ፣ ይሉኛል። እሳቸው ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጭቃውን እያቦካን እንሄዳለን። እንዴት ይናፍቀኛል ያ መንገድ!

ዛሬ እዚሁ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር ርዕሰ መምህርት ነኝ። ከዚያው ከአያና በግጭት የተፈናቀሉ ልጆች ይመጡልኛል፤ አንዳንዴ ምን ብዬ እንደምቀበላቸው ይጠፋኛል።

መብራቱ መጣ። አሠልጣኙ «እስቲ ከራሳችሁ ምሳሌ» ቢል፣ ምሳሌ እያለኝ እጄን አላነሣሁም። ርዕሰ መምህሬ ሲያርፉ የአያና መንገድ ተዘግቶ ነበር። እሳቸው በተቀበሩበት ቀን እኔ ነቀምቴ መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ ውዬ፣ ሲመሽ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለቅሷቸውን እስከ ዛሬ አልደረስኩም።