የሙሽራዋ እናት ሻሽ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሰርግ ሰሞን፣ ከወረታ ብዙ በማይርቅ አንድ የፎገራ መንደር ውስጥ ነው። ሥራዬ ዘገባ ነው። ጎርፍም፣ የመኪና አደጋም፣ ከዚያ የከፋም ዘግቤያለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ራቴን በልቼ የምተኛ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ያየሁትን ግን እስካሁን ለራሴ በቅጡ ማስረዳት አልቻልኩም። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። ሌላውን ባየሁትና በሰማሁት ልክ አስቀምጣለሁ።

የሄድኩት የሰርግ ፎቶ አንሺ የሥራ ቀን ምን እንደሚመስል ለመዘገብ ነበር። ስንዱ ወረታ ውስጥ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠለው መንገድ ዳር ትንሽ ፎቶ ቤት አላት። የሚያኖራት የጥርና የሚያዝያ ሰርግ ነው። ክረምት ገብቶ ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ እያነሳች ትሰነብታለች። ሴት በመሆኗ ሙሽራ ስትለብስ ጓዳ ድረስ ትገባለች፤ የገጠር ቤተሰቦች እሷን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነግራኛለች።

ገና ባጃጅ ላይ ሳለን ሥራ ሰጠችኝ። ፊት ላይ ብርሃን የሚመልሰውን ክብ ነጭ ጨርቅ አሸከመችኝ።

"ቆመህ ከምታየኝ ይህን ያዝ" አለች። "ጋዜጠኛ ቆሞ ሲያይ ሰው ይፈራል። ጨርቅ የያዘ ሰው ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።"

መንደሩ ስንደርስ ጠዋት ነበር። ሩዙ ከታጨደ ቆይቷል፤ ጥቁሩ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ ዓይን እስከሚያየው ድረስ ተዘርግቷል። ግቢው ውስጥ ሰፊ ዳስ ተጥሏል። ሙሽራዋ ትርንጎ ትባላለች። ሙሽራው የአንበሳሜ ሰው፣ አስተማሪ ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ክፍት የሚሆነው በቀን ብቻ ስለነበር ሁሉም ነገር ሳይመሽ ማለቅ ነበረበት።

አንድ የጎደለ ሰው ነበር። የሙሽራዋ አባት አቶ ዘለቀ ታመው ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተኝተዋል፤ ታላቅ ልጃቸው አብሯቸው ነው። ሰርጉ ይዛወር ቢባል እንቢ ያሉት እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ ሰማሁ። "ድግሱ ተደግሷል፤ ሰው ተጠርቷል። እኔ የምሆነውን ብሆን ልጄ በቀኗ ትዳር" ብለው ነበር።

ሙሽራዋ ጓዳ ውስጥ እየለበሰች ሳለ፣ እኔ ከዳሱ ጀርባ ሆኜ ጨርቁን ሳጣጥፍ የሙሽራዋ አጎት አቶ መኳንንት ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ መጡ። የእናትየዋ ወንድም ናቸው፤ የድግሱ ኃላፊነት ሁሉ በእሳቸው ላይ ነበር።

"እሺ የኔ ልጅ። እሺ። እሺ፣ አትረበሽ" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩን ዘግተው የሩዝ ገለባ ክምር ላይ ቁጭ አሉ። ቀና ሲሉ ዓይናችን ተገናኘ።

"ዘለቀ አረፈ" አሉኝ። የነገሩኝ እኔን ብለው አይመስለኝም፤ ፊታቸው የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

የቤተሰቡ ንስሐ አባትና አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ተጠርተው መጡ። በእኛ አገር መርዶ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። በሰርግ ቀን አይነገርም። ስለዚህ የተመካከሩት ይነገር አይነገር በሚለው ላይ አልነበረም። የተመካከሩት እንዴት ተደብቆ ይዋል በሚለው ላይ ነው። ሙሽራዋ ሳታውቅ ከግቢው መውጣት አለባት፤ ካወቀች ሰርጉ በዋይታ ይበተናል፣ የሟችም ቃል ይቀራል። ከሁሉ ያስፈራቸው ደግሞ እናትየዋ፣ ወይዘሮ የውብዳር ነበሩ።

"እሷ ከሰማች አለቀ" አሉ አቶ መኳንንት። "ከልጅነቷ ጀምሮ ከሱ ሌላ አታውቅም። አትችልም።"

ካህኑ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ጋዜጠኛ መሆንህን ነግረውናል። ዛሬ ግን አልሰማህም።"

"አልሰማሁም፣ አባ" አልኩ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ቃል ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀጥሎ ስንዱን አስጠሯት። አቶ መኳንንት ነገሩን ነግረዋት፣ "እህቴን ከካሜራሽ ፊት አትልቀቂያት" አሏት። "አንቺ ካላነሳሻት ሰው ያነጋግራታል። ካነጋገራት ደግሞ አንዱ ያመልጠዋል።"

ስንዱ፣ "የሚያውቀው ማን ማን ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ምን ያደርግልሻል?"

"የሚያውቀውን ሰው ከሙሽራዋ አጠገብ አላቆምም። ፎቶ ላይ አፍ ይስቃል እንጂ ዓይን እሺ አይልም። እሷ ደግሞ ዞራ ታየዋለች።"

እንዳለችው ተደረገ። ወሬው በስልክ የደረሳቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ሥጋ ቤት፣ አንዱ ጠላ ቤት፣ አንዱ ከብት ጥበቃ ተመደቡ። ያስቸገረችን የሟች እህት ብቻ ነበረች። አንዴ ካልታየች ሙሽራዋ "አክስቴስ?" ትላለች፤ ከታየች ደግሞ እንባዋ አይቆምም። ስንዱ እኔ ጋ አምጥታ የጨርቁን አንድ ጠርዝ አስያዘቻት። ከጨርቁ በስተጀርባ ፊቷ አይታይም፤ እጆቿ ግን ይታያሉ። ሙሽራዋም "አክስቴን ደግሞ ሠራተኛ አደረጋችኋት" እያለች ሳቀች።

አክስትየዋ ከጨርቁ ጀርባ ያለ ድምፅ ታለቅሳለች። ጨርቁ ሲርገበገብ ሙሽራዋ ፊት ላይ ያለው ብርሃን ይርገበገባል።

"ፀሐይዋም ዛሬ ትጨፍራለች መሰለኝ" አለች ትርንጎ።

"ሰርግሽ አይደል፣ ማን ይቀራል" አለቻት ስንዱ፣ ማንሳቷን ሳታቋርጥ።

ወይዘሮ የውብዳር ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደነበሩ መጻፍ አለብኝ። ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣ ከዳስ ጓዳ፣ ከጓዳ ዳስ ይላሉ። እንግዳ ያጎርሳሉ። የሙሽራው ወገን ሲመጣ እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆመው አናሳልፍም ካሉት አንዷ እሳቸው ነበሩ።

"ይሄ ነው አስተማሪው?" አሉ ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች አይተው። "አንበሳሜ እህል የለም እንዴ? ልጄን የምትወስዳት ልታገባት ነው ወይስ እንድትቀልብህ?"

"ሁለቱንም፣ እማዬ" አለ አንዱ ሚዜ ፈጠን ብሎ።

"አንተን አልጠየቅሁም፤ አንተማ ስትታይ የእሱንም ድርሻ የበላህ ነህ።"

ግቢው በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወይዘሮ የውብዳር እስክስታ ወረዱ። ስንዱ እየዞረች አነሳቻቸው። አቶ መኳንንት ከዳሱ ምሰሶ ሥር ቆመው እህታቸውን ያያሉ፤ አንዴም ፊታቸውን አላዞሩም። ምንም እንደማያውቁ ሴት አይተዋቸው አዝነው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እኔም አዝኜ ነበር።

ችግሩ የመጣው ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ነው። ሙሽራ ከመውጣቷ በፊት የወላጆቿን ጉልበት ስማ ትመረቃለች። በአባትየው ቦታ አቶ መኳንንት ተቀመጡ። ትርንጎ ግን ቆማ ቀረች።

"አባቴን ሳላናግር አልወጣም" አለች።

"ኔትወርክ የለም ልጄ" አሉ አጎቷ።

"ሚዜዎቹ አሁን ሲያወሩ ነበር።"

ይኸው አፈ ፈጣኑ ሚዜ ስልኩን አውጥቶ "የኔ ይሠራል፣ ቁጥሩን ንገሪኝ" አለ። ምንም አያውቅም። ዳሱ ውስጥ የሚያውቁት ሰዎች የቱ የቱ እንደሆኑ በዚያች ቅጽበት ለይቶ ማወቅ ይቻል ነበር፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

ያኔ ወይዘሮ የውብዳር ወንድማቸውን ክንዳቸውን ይዘው አስነሱና ወንበሩ ላይ ራሳቸው ተቀመጡ።

"ስልኩን መልሰው" አሉት ሚዜውን። "አባትሽ ትናንት ማታ አናግሮኛል። ድምፁ ደክሟል፣ ዛሬ አያናግርሽም። ቃሉን ግን ለእኔ ሰጥቶኛል። ነይ፣ በሱ ፈንታ ጉልበቴን ሳሚ።"

ትርንጎ ተንበረከከች።

"ልጄ አንድ ቀን አላስከፋችኝም ብሏል። እኔን እንዳሳረፈችኝ ልጆቿ ያሳርፏት ብሏል። ቤትሽ እንግዳ የማይፈራው ይሁን ብሏል።" ድምፃቸው አልተሰበረም። "አሜን በይ።"

"አሜን" አለች። አለቀሰች፣ ግን ሙሽራ ሁሉ እንደሚያለቅሰው ነው። እናትና ልጅ ተቃቀፉ። እልልታው ቀለጠ።

ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ለመውጫ ሲያዘጋጇት ስንዱ እናትየውን ለብቻቸው ልታነሳ ወደ ጥግ ወሰደቻቸው። እኔ ጨርቁን ይዤ ቆሜያለሁ። ሲተቃቀፉ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነበር፤ ስንዱ ልታስተካክለው እጇን ሰደደችና ቀጥ አለች። ከትናንት በስቲያ ለሰርጉ ዝግጅት መጥታ ሹሩባ ሲሠሩ ያነሳቻቸው እሷ ነበረች። አሁን ከሻሹ ሥር ሹሩባ የለም። ፀጉራቸው ከሥሩ ተቆርጧል። በዚያ አገር ሴት ባሏ ሲሞት ነው እንዲህ የምታደርገው።

"መልሺው ልጄ" አሉ ወይዘሮ የውብዳር፣ ከንፈራቸውን ብዙም ሳያንቀሳቅሱ።

"እትዬ፣ ያውቃሉ?" አለች ስንዱ።

"ከወንድሜ በፊት። ታላቁ ልጄ ሲነጋጋ ደወለልኝ። ማውራት አቃተው፣ ገባኝ። ለአጎትህ ንገረው፣ እኔ መስማቴን ግን አትንገረው አልኩት።"

"ለብቻዎ እንዴት... ለወንድምዎ እንኳ?"

"መኳንንት እኔ ማወቄን ካወቀ ዓይኔን ሲያይ ይፈታል። ከእኔ የሚደብቅ ሲመስለው ግን ይበረታል። አየሽው አይደል እንዴት እንደበረታ?" ሻሹን ራሳቸው ወደ ፊት ሳብ አደረጉት። "ባሌ ሞቶ ሹሩባ ይዤ አልውልም፤ ልጄን ድሬ ደግሞ አላለቅስም። ከሻሹ ውጭ የሚታየው የልጄ ነው፤ ከሻሹ ሥር ያለው የሱ። አሁን አንሺኝ።"

ስንዱ ሻሹን አጥብቃ አሰረችላቸው። ወደ ኋላ ተመልሳ ካሜራውን ወደ ዓይኗ አቀረበች። ወይዘሮ የውብዳር ፈገግ አሉ። በዚህ ጊዜ ጨርቁ የተርገበገበው በእኔ እጅ ነበር።

አጃቢዎቹ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ። አቧራቸው ከባሕር ዛፎቹ ኋላ እስኪጠፋ ድረስ እናትየው እልል እያሉ ቆሙ። ከዚያ ግቢው ጸጥ አለ። አቶ መኳንንት ካህኑንና ሽማግሌውን አስከትለው ቀስ ብለው ቀረቡ።

"የውቤ፣ እስኪ ቁጭ በይ" አሏቸው።

"አትቸገር ወንድሜ" አሉ ወይዘሮ የውብዳር። ሻሹን ፈቱት። ነጠላቸውን ለኀዘን እንደሚለበሰው አዘቀዘቁት።

አቶ መኳንንት የተቆረጠውን ፀጉር አዩ። ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ ያላየሁት ሰው እህታቸው እግር ሥር በጉልበታቸው ወደቁ። ልቅሶው የተነሳው ያኔ ነው። ስንዱ ካሜራዋን ዘግታ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያች ሰዓት አንድም ፎቶ የለም።

ትርንጎ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተረዳች፤ ቀብሩም በዚያው ቀን ተፈጸመ። እኔም ለቀብር ሄጄ ታላቅ ልጃቸውን ጠየቅሁት። ስልኩን የደወለበትን ሁኔታ እናቱ እንዳሉት አድርጎ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ሰው ብቻ ሰምቼ ማመን ልማዴ አይደለም።

ስለ ስንዱ የሥራ ቀን የጻፍኩትን ዘገባ ይህን ሁሉ ትቼ አስረከብኩ። አለቃዬ አንብቦ፣ "ጥሩ ነው፤ ግን የሆነ ነገር የጎደለው ይመስላል" አለኝ። እውነቱን ነበር።

ሩዝ በሚታጨድበት ወራት ለሌላ ሥራ ወረታ ሄጄ ስንዱ ፎቶ ቤት ጎራ ስል እናትና ልጅን አገኘኋቸው። ትርንጎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ፎቶ በትልቁ ልታሠራ መጥታለች። የመረጠችው ከባሏ ጋር የተነሳችውን አልነበረም። እናቷ እስክስታ ሲወርዱ የተነሱትን ነበር። ወይዘሮ የውብዳር በጥቁር ልብሳቸው ጎንበስ ብለው ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ትከሻቸው ወደ ላይ ብሏል፤ ጥርሳቸው ይታያል።

"ይህችን ሴት እኔም አላውቃትም" አሉ በመጨረሻ።

ታሪኩን ልጽፈው ብዬ ፈቃድ ጠየቅኋቸው። "ምስጢሩ ያኔ ነው፤ አሁንማ ያለቀ ነገር ነው፣ ጻፈው" አሉኝ። ሌላ የምጠይቃቸው አልነበረኝም። ሰው በመጠየቅ የምኖር ሰው ነኝ፤ ወንድማቸውን ለማበርታት ሲሉ ኀዘናቸውን ቀኑን ሙሉ ለብቻቸው ይዘው የዋሉት ሴት ፊት ግን ጥያቄ አጣሁ። አሁንም ሳስባቸው እንደዚያው ነው።