ግማሽ ላይ የቆመው መርፌ

ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር እናቴ ትዝ ትለኛለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ምጥ ጠንቶባት፣ ከሳንጃ ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት በአሮጌ ፒካፕ ማኪና ስንወስዳት ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ። የነዳጁ መርፌ ግማሽ ያሳያል። ሾፌሩ አያ ታደገ የመለኪያውን መስታወት በጣቱ ቢመታው መርፌው አልነቃነቅ አለ። ወርዶ ታንኩ ውስጥ ረጅም እንጨት ከተተ፤ እንጨቱ ደረቁን ወጣ።

«መርፌው ተጣብቆ ኖሯል። ሲዋሸኝ ነው የመጣ» አለ።

እሱና አባቴ ከነቃሬዛዋ ተሸክመዋት በእግር ጀመሩ። እኔ እጇን ይዤ ከጎን እሮጥ ነበር። ጎንደር ሳይታየን ከነጽንሷ አረፈች።

አያ ታደገ ቃሬዛውን አስቀምጦ፣ «ስንነሳ በእንጨት ለክቼው ቢሆን ኖሮ…» አለ፤ አልጨረሰውም።

አሁን አርጅቷል። ጎንደር አራዳ ገበያ ስንገናኝ ቆቡን አውልቆ ሰላም ይለኛል። እኔም እጅ እነሳለሁ፤ ይቅር ማለት አለማለቴን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም።