ጡቴን ውሃ ላይ ጥዬ የቀዘፍኩ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የማልረሳው ሦስት ዓመት ሙሉ ስደብቀው የኖርኩት ነገር በዚያን ቀን ሰው ፊት ውሃ ላይ ስለተንሳፈፈ ነው። ሳቁ ካላችሁ ሳቁ፤ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ።

የምኖረው መሪ ኮንዶሚኒየም ነው። ኮተቤ አካባቢ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ የእኔና የልጄ የማህሌት ነው። ቀኝ ጡቴ በካንሰር ምክንያት ሲወጣ ከእሷ በቀር የሚያውቀው ሰው ታላቅ እህቴ ብቻ ነበረች። እህቴ ታዲያ ገና ከሆስፒታል አልጋ ሳልወርድ፣ “ይሄ ነገር የዘር ነው ይላሉ። ለትዳር የደረሰች ልጅ ይዘሽ አፍሽን እንዳትከፍቺ” ብላ ቃል አስገባችኝ። ገባሁ። ለትምህርት ቤቱም ለጎረቤቱም የሐሞት ጠጠር ነው አልኩ።

ጡት ደግሞ በእጄ ሠራሁ። ስፖንጅ ቆርጬ በነጭ ጨርቅ ሰፋሁትና እንደ ግራው እንዲከብድ ትንሽ ምስር ጨመርኩበት። የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ፣ የሰፈራችን ሱቅ ሚዛን ላይ ሁሉ አስቀምጬዋለሁ። ባለሱቁ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የመርፌ መሰኪያ ነው አልኩት።

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ቀኝ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ከትከሻዬ በላይ አይወጣም። የሰሌዳው ታችኛ ግማሽ ላይ ብቻ ስጽፍ የኋላ ተማሪዎቼ እየቆሙ ያነቡ ነበር።

ፀሐይን ያገኘኋት ለክትትል ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ነው። ሽንኩርትና ድንች ነጋዴ ናት። እሷም እንደ እኔ አንድ ጡት ነው ያላት፤ ባዶውን ቦታ ግን በምንም አትሞላውም። “የሌለኝን ምን አስመሰለኝ” ትላለች። እንጦጦ ግርጌ ያለ አንድ መዝናኛ ውስጥ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ፀሐይ እንደ እኛ ያሉ ሴቶችን እዚያ ሰብስባ ቅዳሜ ቅዳሜ በረጅም ጀልባ ታስቀዝፋለች። አሥር ቀዛፊ ነን፤ በየጎኑ አምስት። መቅዘፍ እጅ ይፈታል አለችኝ፤ እውነቷን ነው። በአምስት ወሬ ቀኑን ከሰሌዳው አናት ላይ ጻፍኩ። ለጎረቤት ግን የጸሎት ኅብረት ነው የምሄደው እል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስንቀዝፍ አንድ ሁለት ብለን አንቆጥርም። ፀሐይ ከፊት፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ተቀምጣ “አለሽ?” ትላለች፤ እኛ “አለሁ” ብለን አንዴ እንቀዝፋለን።

የዚያን ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ወጣቶች ጋር ልንወዳደር ነበር። ጀልባው ውስጥ ልገባ ስል ዳር ላይ ወይዘሮ አስካለን አየሁ። የማህሌት እጮኛ እናት ናቸው፤ ለእሳቸውም ያው የሐሞት ጠጠር ነው ብያለሁ። ሽማግሌ ልከው፣ ልጄን ጠይቀው፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ዘመዶቻቸውን ይዘው ሊዝናኑ መጥተዋል። ያነሣሁትን እግሬን ከጀልባው መለስኩ።

“እኔ አልገባም” አልኳት ፀሐይን፤ ምክንያቱንም በጆሮዋ ነገርኳት።

“በአንድ ጎን አራት፣ በአንድ ጎን አምስት ሆነን ዙሪያችንን ልንዞር ነው?” አለች። “እሳቸው የሚያዩት መቅዘፍሽን ነው። ግቢ ባክሽ።”

ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ገባሁ።

ሐይቁ መሀል ስንደርስ የጡት መያዣዬ ማንገቻ ተበጠሰ። ያ የሰፋሁት ጡት በቲሸርቴ ሥር ሾልኮ ጭኔ ላይ ወደቀ፤ ልይዘው ስል በጀልባው ጠርዝ አልፎ ውሃው ውስጥ ገባ። ነጭ ነው፣ ስፖንጅ ነው፣ ተንሳፈፈ። ከወጣቶቹ ጀልባ አንዱ “ምንድን ነው እሱ?” ሲል ሰማሁት። ዳር ያለው ሰው ሁሉ ያያል። እጄ መቅዘፊያውን ለቅቆ ደረቴን ሊሸፍን ተነሣ።

ፀሐይ አይታኛለች። ጥሪዋን ግን አላቋረጠችም። “አለሽ?” አለች፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተናደድኩ። በእህቴ፣ በዚያ በሐሞት ጠጠር፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። አለሁ አልኩና ቀዘፍኩ። ቲሸርቴ ርሶ ደረቴ ላይ ተጣብቋል፤ በአንድ በኩል ሜዳ ነው። ይታይ አልኩ። ተሸነፍን ደግሞ፤ ልጆቹ በሁለት ጀልባ ርዝመት ቀደሙን።

ዳር ስንደርስ የሐይቁ ጠባቂ ጡቴን በዱላ አውጥቶ፣ “የማን ዕቃ ነው?” እያለ ይጣራል። ወይዘሮ አስካለ አጠገቡ ቆመዋል።

“የእኔ ነው” አልኩ፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ። ተቀብዬው ጨመቅኩት።

“የሐሞት ጠጠር ነው አላላችሁንም?” አሉኝ ወይዘሮ አስካለ ቀስ ብለው።

“ዋሽቼዎታለሁ፤ ለእሱ ይቅርታ። ካንሰር ነበር።”

“ይሄ ነገር እኮ በዘር ይሄዳል ይባላል። ልጅቷስ...”

“የሚባለውን ትተን ሐኪም አብረን እንጠይቅ። ልጄን ለዚህ ብለው የሚተዋት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይንገሩኝ። ድንኳን ከተጣለ በኋላ አይሁን።”

ዘመዶቻቸውን ሰብስበው ሄዱ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ቤቴ መጡ፤ ያኔ ልጄን ሊጠይቁ የመጡት ራሳቸው። ሠርጉ ትንሽ ይዘግይ አሉ። እህቴ “ገመናሽን ሸፍኚ ብዬሽ ነበር” በሚል ዓይን ታየኛለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት በልጅነቴ ያስተማረችኝ እሷው ናት። አፌን ከመክፈቴ በፊት ማህሌት ተነሣች።

“አይዘገይም፤ ቀርቷል በሉልኝ” አለቻቸው። “በእናቴ ያፈረ ቤት ነገ እኔ ብታመም የት ሊያደርሰኝ ነው?”

እጮኛዋ ደውሎ አለቀሰ፤ ደጃችን ድረስ ግን አልመጣም። ማህሌትም ብዙ ቀን አለቀሰች፤ ይህን አልደብቅም። አንዳንዴ የእኔን ዕዳ እሷ ከፈለች እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ግን ዋሽቼ ብድራት ኖሮ፣ ያ ቤት ማንነቱን የሚያሳያት ከወለደች በኋላ ነበር።

ጡቱን አልጣልኩትም። ምስሩ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ስለነበር አውጥቼ ደፋሁት። አሁን ከግራው ይቀላል፤ ይቅለል። በፊት አጥቤ የማደርቀው መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ቆልፌ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀዘፋ ስመለስ አጥበውና በረንዳዬ ገመድ ላይ፣ ከማህሌት ሹራብ አጠገብ አሰጣዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፤ ብሎኩ ሁሉ ያየዋል።

ባለፈው የታችኛዋ ጎረቤቴ አንጋጣ፣ “መምህርት፣ ይሄ ነጩ ነገር ምንድን ነው?” አለችኝ።

“ጡቴ ነው” አልኳት።