ግራዝማች ቸኮል ያረፉባት ሮካስኩራ

ከሲያትል የተነሣነው በኅዳር፣ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ ሳያባራ በሰነበተበት ጠዋት ነው። ተጓዦቹ ሁለት ነን፤ እኔና አባቴ አቶ አስፋው። የምንሄደው በመካከለኛው ጣሊያን ተራራ ላይ ወዳለች ሮካስኩራ ወደምትባል ትንሽ የምሽግ ከተማ ነበር። ዓላማችንም የአያቴን የግራዝማች ቸኮልን መቃብር ፈልገን፣ ስማቸው የተቀረጸበትን የነሐስ ሰሌዳ ለመትከል ነው።

በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ብዙ መኳንንትን በመርከብ እየጫኑ ወደ አገራቸው ሲያግዙ፣ አያቴ አንዱ ነበሩ። አባቴ ያኔ ገና ልጅ ናቸው። ከነጻነት በኋላ ከግዞት የተመለሰ አንድ ሰው ቤታቸው መጥቶ፣ “ሮካስኩራ ላይ ታመው ዐረፉ። በክብር ቀብረናቸዋል። መቃብራቸው ዛፍ ሥር ነው፤ መስቀልም አለው” ብሎ አረዳቸው። አባቴ ያንን ዛፍና ያንን መስቀል በልባቸው ይዘው አረጁ።

ከምንኖርባት ከቡሪየን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው የወሰደችን የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ አልማዝ ናት። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ሻንጣ አሸከመችን። አባቴ ወረፋ ሲይዙ ጠጋ ብላ፣ “ሶ፣ መቃብሩ ላይ ፍትሐት እናድርስ ቢሉሽስ?” አለችኝ።

እኔና እሷ የወንጌል አማኞች ነን፤ ለሞተ ሰው አንጸልይም። አባቴ ግን በኦርቶዶክስ ሃይማኖታቸው የጸኑ ናቸው።

“ኦኬ፣ እዚያ ስደርስ አስብበታለሁ” አልኳት።

ከሮም ወደ ተራራው

በኒው ዮርክ አድርገን ሮም ገባን። ከሮም በባቡር፣ ከባቡሩ ወርደን ደግሞ ገበሬዎችና የትምህርት ቤት ልጆች በሚሳፈሩበት ሰማያዊ አውቶቡስ ሽቅብ ወጣን። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የወይን እርሻው አልቆ ቅጠሉ የረገፈ፣ ፍሬው የሚበላ የካስታኛ ዛፍ ጫካ ተተካ፤ ከዚያ ጉም ብቻ ሆነ። አባቴ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው በመስኮት ያያሉ።

“እሳቸውም በዚሁ መንገድ ነው የወጡት” አሉኝ። “ጋቢ ብቻ ለብሰው ይሆናል።”

ሮካስኩራ ማለት ጨለማ ምሽግ ማለት ነው አሉኝ። ጣሊያንኛ የለመዱት ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ከቀሩ ጣሊያን መካኒኮች ጋር በአንድ ጋራዥ ሲሠሩ ነው። ከጉሙ ውስጥ ግንቡ ብቅ ሲል ስሙ ልክ እንደሆነ አየሁ። ድንጋዩ በዝናብ ጠቁሯል። ከተማዋ የምትገባው በአንድ በር ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ በጭንቅ ነው የሚያልፍበት።

ምሽጉ

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ወጣት አስጎብኚ ምሽጉን አሳየችን። ከዘመናት በፊት አንድ የአካባቢው ባላባት እንዳሠራው፣ ጠላት ከብቦት ሕዝቡ በቅሎዎቹን አርዶ እስከ መብላት እንደ ደረሰ ነገረችን። ግንቡ ላይ የመድፍ ጥይት የፈነቀለውን ጎድጓዳ በእጄ ዳሰስኩ። ከዓለት የተፈለፈለ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ አለ፤ ድንጋይ ስትጥልበት ድምፁ ዘግይቶ ይመለሳል። ከማማው ሥር ደግሞ እስረኛ በገመድ የሚወርድበት ክብ ጉድጓድ አለ። ደረጃ የለውም፣ መስኮት የለውም። ልጅቷ ይህን ሁሉ ስትተርክ እንደ ትምህርት ነው፤ ያ ባላባትም ሆነ እነዚያ እስረኞች ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗልና አይከብዳትም።

አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ “በጦርነቱ ጊዜስ? እዚህ የታሰሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ” ብለው ጠየቋት።

ፊቷ ቀላ። “በዚያን ጊዜ የእህል መጋዘን ነበር ነው የሚባለው። እኔ ሌላ አልሰማሁም” አለች።

የዋሸች አልመሰለኝም። ያልነገሯትን ከየት ታምጣ?

ሲኞራ አሱንታ

ከበሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ቡና ቤት ገብተን የባቄላ ሾርባ አዘዝን። ምድጃው ዳር አንዲት ጥቁር የለበሱ አሮጊት የተጠበሰ የካስታኛ ፍሬ ይልጣሉ፤ የቡና ቤቱ ባለቤት እናት ናቸው፤ ሲኞራ አሱንታ ይባላሉ። አባቴ ባለቤቱን ስለ እስረኞቹ ሲጠይቁት ትከሻውን ነቀነቀ። አሮጊቷ ግን የሚልጡትን አስቀመጡ።

“ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የሌለውን ረጅሙን ሰውዬ ነው?” አሉ።

ስለ ጣቱ ማንም አልተናገረም ነበር። አያቴ ሁለት ጣታቸውን ያጡት በወጣትነታቸው ለአደን ወጥተው ጠመንጃ ፈንድቶባቸው ነው። አባቴ ወንበር ስበው አሮጊቷ ፊት ተቀመጡና፣ “አባቴ ነው” አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት በአባቴ አፍ ነው። ሴትዮዋ ይናገራሉ፤ አባቴ የገዛ አባታቸውን ሞት ለኔ ያስተረጉማሉ።

“እናቷ የዘበኞቹን ልብስ ታጥብ ነበር። እሷም ትንሽ ልጅ ሆና ቅርጫት ትሸከማለች። እስረኞቹ ስድስት ነበሩ ትላለች፤ ማማው ውስጥ። ብርዱ ሊያበቃ ሲል አባባ መብላት ተዉ። ሾርባው የአሳማ ስብ አለበት። ሌሎቹ በልተዋል። ዘበኞቹ ያመፁ መስሏቸው ዳቦውንም ከለከሏቸው።”

“ለምን ተዉ?” አልኩ፤ መልሱ እየገባኝ።

“ዐቢይ ጾም ነዋ፣ ልጄ።”

የአሮጊቷ እናት ከታጠበው ልብስ ሥር የተቀቀለ ካስታኛ እየደበቁ ያስገቡላቸው ነበር። አንድ ቀን ዘበኛ ቅርጫቱን ፈተሸና እናትየውን በልጃቸው ፊት በጥፊ መታቸው። ከዚያ ወዲያ አላስገቡም። “እናቴ ፈራች” አሉ ሲኞራ አሱንታ፤ ይህችን እኔም ያለ አስተርጓሚ ተረዳኋት።

“ሲያርፉ ፋሲካ ደርሶ ነበር?” ብለው አባቴ ጠየቁ።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልደረሰም።

መቃብሩ

ሲኞራ አሱንታ በምርኩዝ እየመሩ ከግንቡ ውጭ ወዳለው መካነ መቃብር ወሰዱን። ዛፍ አለ፤ ረጃጅም ጽዶች። ከሥራቸው ያለው ግን የሌላ ሰው የእብነ በረድ መቃብር ነው። ጠባቂው ነገሩን አስረዳን፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጠያቂ የሌለው መቃብር ከዓመታት በኋላ ይቆፈራል፤ አጥንቱም በአንድ ጉድጓድ ይከማቻል። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ የብረት ፍርግርግ አሳየን። ከሥሩ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው።

አባቴ ፍርግርጉ እንዲከፈት ለመኑ። አይቻልም። ከፍርግርጉ አጠገብ ሰሌዳውን ልትከል አሉ። የብዙ ሰው ማረፊያ ስለሆነ የአንድ ሰው ስም አይለጠፍበትም ተባሉ። አልተቆጡም። ከቦርሳቸው ነሐሱን አውጥተው በሁለት ብረቶች መካከል አሾልከው ለቀቁት። ሲወድቅ የሰማሁት የደረቅ እንጨት ድምፅ የሚመስል ነገር ነበር። እንጨት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

“ሰናይት፣ ቄስ የለም። ጸሎቱ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል። ተቀበዪኝ።”

አልማዝ የጠየቀችኝን አሰብኩ። ያመንኩትን አልተውኩም፤ ዛሬም አልተውኩም። ግን አባቴን በዚያ ጭቃ ላይ ብቻቸውን መተው አልሆነልኝም። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። “እግዚኦ ተሰሃለነ” ሲሉ “እግዚኦ ተሰሃለነ” አልኩ። ዝናቡ እስኪያረጥበን ድረስ ደጋገምነው። ሲኞራ አሱንታ በቋንቋቸው የራሳቸውን ጸሎት ያንሾካሽኩ ነበር።

ሲያትል

በመመለሻው አባቴ፣ ከውቅያኖሱ በላይ፣ “ከግዞት የመጣው ያ ሰውዬ እናቴን ዋሽቷታል። እግዜር ይስጠው” አሉኝ። ስነሣ እውነቱን ማወቅ ሐዘናቸውን ያቀልላቸዋል ብዬ ነበር። ጉዞው ያስተማረኝ ሌላ ነው፤ እውነት አንዳንዴ ሸክሙን ያከብደዋል፤ የሚቻለን ከተሸካሚው ጎን መቆም ብቻ ነው።

በተመለስን በመጀመሪያው እሑድ ኦርቶዶክሶቹ በውሰት ወደሚገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። ከቅዳሴው በኋላ ቄሱ ለፍትሐቱ የአያቴን የክርስትና ስም ጠየቁ።

“ወልደ ጊዮርጊስ” አሉ አባቴ። “ከእሳቸው ጋር በጉድጓዱ ያሉትንም ሁሉ ይጨምሩልኝ።”

“ስማቸው ማን ይባላል?”

“አላውቀውም፣ አባ። የዚያ አገር ሰዎች ናቸው።”

ቄሱ ቀና ብለው አዩአቸው። “ጣሊያኖቹንም?”

“አጥንታቸው ተደባልቋል” አሉ አባቴ። “እኔ መለየት አልቻልኩም።”